የኪሪዛዋ ሙሽራ

ሚሳኦ አውቶቡስ ውስጥ የምትቆመው ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ነበር። ሥራዋ ነው፤ አስጎብኚ ፊቷን ለተሳፋሪ፣ ጀርባዋን ለሚመጣው ነገር ትሰጣለች። እኔ መሪውን ይዤ የሚመጣውን በዓይኔ አያለሁ፤ እሷ በልቧ ታውቀዋለች። «አሁን በስተግራ ወንዙ ብቅ ይላል» ስትል ወንዙ ብቅ ይላል። «አሁን ዋሻ ውስጥ ልንገባ ነው፤ የፈራ ሰው የጎረቤቱን እጅ ይያዝ፣ የራሱ ሚስት ካልሆነች ግን ብርሃን ሳይመጣ ይልቀቅ» ስትል ይጨልማል፣ አውቶቡሱም በሳቅ ይሞላል።

ሰማያዊ የደንብ ልብስ፣ ነጭ ጓንት፣ ወደ አንድ ጎን ጋደል ያለች ትንሽ ባርኔጣ። ዕድሜዋ ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር። እናትና አባቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ ወንድምም እህትም አልነበራትም። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ተሳፋሪ ሁሉ፣ በተለይ አሮጊት ከሆነ፣ አንድ ጥያቄ አያልፈውም።

«ልጄ፣ ባል አላገባሽም?»

«አግብቻለሁ እንጂ፣ ይኸው ተሳፍረውበታል! ነዳጅ ከጠጣ አይጮህብኝም፤ ማታ ደግሞ ጋሽ ጌንዞ ጋራዥ ወስደው ያስተኙልኛል።»

ጋሽ ጌንዞ እኔ ነኝ። እሷም ትስቃለች፣ እኔም በመስታወቱ አይቻት እስቃለሁ። ስትስቅ ግራ ጉንጯ ላይ ጎድጎድ የምትል ነገር ነበረቻት።

በእኛ ክፍለ አገር፣ በያማጋታ፣ በረዶ ሲወድቅ ጎብኚ አይቀንስም፤ ይብሳል። ጠዋት ከጣቢያው ተነስተን ወደ ዛኦ ተራራ እንወጣለን። እዚያ ጥዶቹ ውርጭና በረዶ ለብሰው፣ ሰው ይሁኑ አውሬ ሳይለይ፣ ጎብጠው ተሰልፈው ይቆማሉ። የበረዶ ጭራቆች እንላቸዋለን። ቀትር ላይ ወደ ፍል ውኃው መንደር እንወርድና እንፋሎት ከመሬት በሚነሳባቸው የእንጨት ቤቶች መካከል የጎደሬ ሾርባ እንበላለን። ከሰዓት በኋላ ኪሪዛዋ ገዳም።

ለእያንዳንዱ ቦታ ዜማ ነበራት። ለሞጋሚ ወንዝ የጀልበኞቹን ታንጎራጉራለች፤ በበጋ ቢጫ ለሚለብሰው የሱፍ ማሳ የለቃሚ ሴቶቹን። ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም። ቀስ ብሎ ይነሳና የመስኮቱ መስታወት ላይ እንደ ጉም ይቀመጣል፤ ካቆመች በኋላም አንድ ሁለት መታጠፊያ አብሮን ይሄዳል። ሾፌር ዘፈን አይወድም የሚል ካለ ተሳስቷል። እኔ በዚያ ድምፅ ስንት ገደል በሰላም አልፌአለሁ።

ለኪሪዛዋ የምትዘፍነው የሙሽራ ዘፈን ነው። በሸለቆአችን ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ በበረዶ ሸርተቴ ትወጣ ነበር፤ ይህ የዚያ ዘፈን ነው። መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ አለው፤ ዘፋኟ የሙሽራዋን ስም ታስገባበታለች። ቦታውን ባዶ ትቶ ማለፍ ነውር ነው፤ ያልተጠራ ነገር እንዳይገባበት ይፈራል። ስለዚህ ሚሳኦ፣ አውቶቡሱ ላይ ሙሽራ ባልኖረ ቀን፣ የራሷን ስም ታስገባ ነበር።

በረዶ ወረደ ደጁን አለበሰው፣
ሚሳኦን ሊወስዳት ደረሰ ያ ሰው።
እናት አትጣሪ፣ ዞራ አታይሽም፣
ማዶ ያለው ሙሽራ መታገሥ አይችልም።

ከዘፈኑ በኋላ ማይኳን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ ስለ ገዳሙ ትናገራለች። ያን ቀን፣ ከባዱ በረዶ በወረደ በሳምንቱ፣ ያለችውን አልረሳውም።

«እንግዶቼ፣ አሁን የምንሄደው ሠርግ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ሳያገባ ከሞተ እናቱ እንቅልፍ የላትም። እዚያ ማዶ ብቻውን ምን ይበላል፣ ማን ያወራዋል እያለች። ስለዚህ ሠርጉን በሥዕል ታስደርግለትና ገዳሙ ውስጥ ታሰቅለዋለች። ሙሽራው የሞተው ልጅ ነው፤ ሙሽራዋ ግን ከሐሳብ የተፈጠረች መሆን አለባት። በሕይወት ያለች ሴት መልክ አይሣልም፣ ስሟም አይጻፍም።»

«ቢሣልስ?» አሉ አንዲት ባለ ፀጉር ካፖርት ሴትዮ።

«ትጠራለቻ።»

«ወዴት?»

«ወደ ሠርጉ ነዋ፣ እማማ! እኔማ ዕድሜ ልኬን ማንም አልጠራኝም። እርስዎ ግን ገና ቆንጆ ነዎትና ይጠንቀቁ።»

ሴትዮዋ አፋቸውን በጓንታቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔም መኪናውን አቁሜ፣ ብርዱ እግሬን ስለያዘው፣ አብሬያቸው ወደ ላይ ወጣሁ።

የኪሪዛዋ አዳራሽ ግድግዳው አይታይም። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሥዕል ነው። ጥቁር የክብር ልብስ የለበሱ ወጣቶች፣ ነጭ የለበሱ ሙሽሮች፣ ቀይ የሩዝ ወይን ጽዋ፣ ከኋላቸው ወርቅ የተቀባ መጋረጃ። የድሮዎቹ ቀለማቸው ለቆ ሙሽሮቹ ወደ ጭስነት ተቀይረዋል። አዲሶቹ ያበራሉ። ሻማ ሲወዛወዝ ሁሉም ባንድ ላይ የሚተነፍሱ ይመስላሉ፤ ለዚህ ነው ጎብኚ እዚያ ሲገባ ጫማ እንዲያወልቅ ሳይነግሩት ድምፁን የሚያወልቀው።

«ኧረ እቺ አስጎብኚያችን አይደለችም እንዴ?» አለ አንድ ሰው።

ተንጫጩ፣ ሳቁ፣ ተጠጉ። በሩ አጠገብ አዲስ ሥዕል ተሰቅሏል። ሙሽራው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ትከሻው ጠበብ ያለ ልጅ ነው። ከጎኑ ያለችው ሙሽራ ነጭ የራስ መሸፈኛዋን አድርጋ፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ልትስቅ ስትል እንደተያዘች ሆና ተቀምጣለች። ግራ ጉንጯ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። ከግርጌው በጥቁር ቀለም ሁለት ስም ተጽፏል፦ ያሱኖሪ። ሚሳኦ።

ሚሳኦ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ስሞች አነበበች። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«አያችሁ? ሳልዘጋጅ ተዳርኩ። ስጦታ ያመጣ ሰው አለ?»

ሳቁላት። እኔ ግን ነጭ ጓንቷን አየሁ፤ ጣቶቿ ውስጡ የሉበት ይመስል ተንጠልጥሎ ነበር።

ስንመለስ አልዘፈነችም። ተሳፋሪዎቹን ካወረድን በኋላ ብቻችንን ስንቀር፣ «ልመለስና መነኩሴውን ላነጋግረው» አልኳት።

«ተወው ጋሼ። ስንት ሚሳኦ አለ በዚህ አገር።»

«ፊቱስ?»

«ፊትማ ሁሉም ሙሽራ አንድ ነው። ዱቄት ነው።»

እኔም ተውኩት። እኛ ብንተወውም ነገሩ ግን አልተወንም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሚሳኦን በመስታወቱ እያየሁ ስታንስ አየኋት። ጠዋት ስትመጣ ሌሊቱን ስትሠራ እንዳደረች ሁሉ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ትመጣለች። የቀሚሷ ጠርዝ እርጥብ ይሆናል፤ መንገዱ ደርቆ፣ በረዶውም ተጠርጎ እያለ። ፍል ውኃው መንደር ስንደርስ የጎደሬ ሾርባዋን በማንኪያ ታማስልና ሳትቀምሰው ታስቀምጠዋለች።

«ብዪ እንጂ።»

«በልቼ ነው የመጣሁት።»

«የት?»

አትመልስልኝም። አንድ ቀን ግን፣ ዛኦ ላይ ጎብኚዎቹ ጭራቆቹ መካከል ፎቶ ሲነሱ፣ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ራሷ ጀመረችው።

«ጋሼ፣ ሕልም ነው። ሳቅብኝ ብትፈልግ።»

«አልስቅም።»

«ቤት ነው። በረዶ እስከ ጣሪያው ደርሷል፤ በር የለውም ወይም እኔ አላገኘሁትም። ምግብ እሠራለሁ። እሱ መብራቱን ከኋላው አድርጎ ይቀመጣል፤ ፊቱ አይታየኝም፣ መነጽሩ ብቻ። አያናግረኝም። ግን ሥራዬን ስጨርስ፣ የተቀመጠበትን ትራስ እንዲህ ፈቀቅ ያደርግልኛል። እንድቀመጥ። በሕይወቴ ማንም ፈቀቅ ብሎልኝ አያውቅም፤ አውቶቡስ ላይ እንኳ ቆሜ ነው የኖርኩት።»

«ሚሳኦ...»

«ደግ ሰው ነው ጋሼ።»

የፈራሁት ይህንኑ ነው። ብታለቅስ፣ ብትጮህ አልፈራም ነበር። ይህን ስትል ግን ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ደስታ ነበር።

«ሊነጋ ሲል አንድ ነገር ይጠይቀኛል» አለች። «‹ዛሬም ትሄጃለሽ?› ይለኛል። እሄዳለሁ እለዋለሁ፤ ያን ጊዜ እነቃለሁ። ትናንት ግን ለመመለስ ዘገየሁ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ክፍሌ ውስጥ ስነቃ ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ደርሶ ነበር፤ እጄ ደግሞ እስከ ክርኔ አይሰማኝም።»

ውጪ ጭራቆቹ በነፋስ ውርጫቸውን አራገፉ። ቤቱ ውስጥ ዘግይታ ሳትመልስ የቀረች ዕለት ምን እንደሚሆን ሁለታችንም አውቀናል፤ ለዚህ ነው ሁለታችንም ያልጠራነው።

በማግስቱ ማይኳን ይዛ፣ ወደ ገዳሙ መታጠፊያ ስንደርስ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ አለች፦ «እንግዶቼ፣ አሁን ወደ ቤቴ እየገባን ነው።»

ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። እሷም ደንግጣ «ይቅርታ፣ ወደ ገዳሙ» አለች። ያን ቀን መኪናውን እንዳቆምኩ ከሁሉም ቀድሜ ወደ ላይ ሮጥኩ።

መነኩሴው በደጁ በረዶ ሲጠርግ አገኘሁት። ስለ ሥዕሉና ስለ ሚሳኦ ሰምቶኝ አካፋውን አቆመ።

«የእሷ መሆኑን አላወቅሁም» አለ። «ስሙ የማን እንደሆነ የምናጣራው ሥዕሉ ሲመጣ ነው። ሰጪዋ ‹የማንም አይደለም፣ የዘፈን ስም ነው› ብላኝ ነበር።»

«አውርደው።»

«እኔ አላወርደውም። የሰቀለችው እናት ነች፤ እናት ካላወረደችው ልጁ ቤቱ እንደተዘረፈ ነው የሚቆጥረው። የላይኛው መንደር ሰው ናት፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል። መልእክት እልካለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ ጌንዞ። እናትየው ብታወርደውም፣ ሴቲቱ ራሷ መውጣት ካልፈለገች ቀለም መፋቅ ዋጋ የለውም። ሥዕል ላይ የነበረው ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ትፈልጋለች?»

አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነበር።

መልእክቱ ሳይደርሳት፣ እናትየው ራሷ መጣች።

መኪና ማቆሚያው ላይ ጎብኚ ስንጠብቅ ነው ያየናት። በገለባ ጫማ፣ ጭንቅላቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ጀርባዋ ላይ እሽግ ነገር ተሸክማ፣ ከላይኛው መንደር በዚያ በረዶ በእግሯ ወርዳለች። እንደ ፌንጣ የደረቀች አሮጊት ናት። አውቶቡሱን ዞራ ዞራ አየችው፤ ከብት ገበያ ላይ እንዳለች ሁሉ ጎኑን መታ መታ አደረገችው።

«ይኸው ራሱ ነው» አለች። «ልጄ፣ ሾፌር፣ እዚህ ላይ የምትዘፍን ልጅ ነበረች። አለች?»

ሚሳኦ ከደረጃው ወረደች። አሮጊቷ አየቻት። እሽጉን ሳታወርድ እዚያው በረዶው ላይ በጉልበቷ ተደፋች።

«ወይኔ እኔ ቶሜ! ወይኔ ጉዴ! በሕይወት አለሽ!»

«ተነሱ እማማ፣ ይበርድዎታል» አለች ሚሳኦ።

«አልነሳም! ምን ዓይነት ጅል ነኝ እኔ!»

በመከራ አስነስተን መኪናው ውስጥ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥናት። አሮጊቷ፣ እማማ ቶሜ፣ እጇን በሙቀቱ ላይ እያገላበጠች ያለችው ይህን ነው። በመኸር፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ማኅበር ለሽርሽር ሲወጣ፣ በዚህ አውቶቡስ ተሳፍራ ነበር። መጨረሻው ወንበር ላይ ስለነበረች የሚታያት የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ ዘፈኑ ግን መጣላት። ስሙም ልቧ ውስጥ ገባ።

«በኛ መንደር ሙሽራ በስሟ አትዘፈንም። ‹ሙሽራዬ› ነው የምንል። ስለዚህ ሚሳኦ ስትዪ የዘፈኑ ልጅ መሰለችኝ። በዘፈን ውስጥ ያለች ልጅ ደግሞ አትታመም፣ አታረጅ፣ የማንም አይደለችም። ለያሱኖሪዬ ከዚህች የተሻለች ከየት አመጣለሁ አልኩ።»

«መልኬስ?»

«እሱን ተዪኝ! ሠዓሊው ‹ምን ትምሰል?› ሲለኝ፣ ፊቷ ክብ፣ ቅንድቧ ቀጭን፣ ግራ ጉንጯ ስትስቅ የሚሰረጉድ አልኩት። ከጭንቅላቴ የፈለቀ መስሎኝ ስኮራ ነበር። ለካ ከአውቶቡስ ስወርድ ክንዴን ይዘሽ አውርደሽኛል። ፊትሽን ሰርቄ ነው የሄድኩት፤ መስረቄን ሳላውቅ።»

«ታዲያ አሁን በምን አወቁ?» አልኳት እኔ።

እማማ ቶሜ አፍንጫዋን በሻርፑ ጠረገች።

«ያሱኖሪ ነገረኝ። መጀመሪያ ላይ በሕልሜ መጥቶ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ግን አኩርፎ መጣ። ‹እናቴ፣ ምን ዓይነት ሚስት ነው ያመጣሽልኝ? ጎህ ሲቀድ ባርኔጣዋን አድርጋ ትወጣለች፤ ሲመሽ ደክማ ትመጣለች። እግሯን አጥባ ስትጨርስ ደግሞ ይነጋል። የት ነው የምትሄደው?› አለኝ። እኔም ነቅቼ ቁጭ አልኩ። ባርኔጣ? የዘፈን ልጅ ምን ሥራ አላት? የሚሠራ ሰው ያለው እዚህ ነው እንጂ እዚያ አይደለም። በቃ ዱላዬን ይዤ ተነሳሁ።»

መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ የሚያስቅ ነበር። ግን ሚሳኦን አየኋት፤ እሷ ባርኔጣዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠርዙን ትዳስሳለች።

«እማማ፣ ምን ይወዳል?» አለች ቀስ ብላ።

አሮጊቷ እጇን ከሙቀቱ ላይ ሰበሰበች።

«ዓሣው ላይ ጨው ይበዛበት እንደሆነ አላውቅም። አይነግረኝም። ምን ነበር የሚወደው? እንዴት ነው የሞተው?»

«አትጠይቂኝ ልጄ።»

«ባሌ አይደል?»

«ባልሽ አይደለም!» እማማ ቶሜ ጮኸች፤ ድምፅዋ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ተሰበረ። «በበረዶው ወራት፣ እንደ መንደሩ ወንድ ሁሉ፣ ለሥራ ወደ ትልቁ ከተማ ወረደ። ከሚሠሩት ሕንፃ ላይ ወደቀ። ብቻውን፣ ማንም የአገሩ ሰው ሳይኖር። የሚወደው? ሰው ይወድ ነበር። ሰው የሚወድ ልጅ ነበር።»

«እንግዲያው እንዴት ብቻውን ልተወው?» አለች ሚሳኦ። «እኔን እዚህ የሚጠብቀኝ ሰው የለም፤ እኔን ብታጣ የምትሞት እናት የለችኝም። እሱ ግን ትራሱን ፈቀቅ አድርጎ ይጠብቀኛል።»

እኔ መሪው ላይ ሆኜ ነገሩ እንዳለቀ ተሰማኝ። መነኩሴው የጠየቀኝ ጥያቄ መልስ አገኘ ብዬ አሰብኩ።

እማማ ቶሜ የሚሳኦን ሁለት እጅ ያዘች። ጓንቷን አንድ በአንድ ጎትታ አወለቀችው። ጣቶቿ ሰማያዊ ነበሩ። አሮጊቷ በአፏ ተነፈሰችባቸው፣ አሻቸች፣ ደግማ ተነፈሰች፤ ከብርድ እንደመጣ ሕፃን።

«እናት የለኝም አልሽ» አለቻት። «እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም። ልጄን አልጠላውም፣ ከነፍሴ በላይ እወደዋለሁ። ግን ሰውን ሊበላ ነው የዳርኩት፤ ይህን ብተወው እሱ ራሱ ከኔ በላይ ያፍራል። ደግ ነው አላልሽም? ደግ ሰው እንግዳ እንዳይሄድበት አይቆልፍም። ነይ ውጪ። የሱ ብቸኝነት የኔ ሥራ ነው፤ የወለድኩት እኔ ነኝ።»

እማማ ቶሜ ስትነሳ ሚሳኦም አብራ ተነሳች።

ሠዓሊው ከገዳሙ ግርጌ ነው የሚኖረው። ቀለሙን፣ ብሩሹንና ከሱፍ አበባ የወጣ ቀይ ያለበትን ትንሽ ሳህን ይዞ መጣ። ቀኑ ወደ ምሽት ሊያዘነብል ነበር፤ ጎብኚ አልነበረም። ሥዕሉን ከግድግዳው አውርደው መሬት ላይ አጋደሙት። ሠዓሊው መጀመሪያ ከግርጌው ያለውን ስም ፋቀ። ከዚያ ነጭ ቀለም ነክሮ ፊቱን ሸፈነው። ያሱኖሪ ከጎኑ ፊት የሌላት ሴት ይዞ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሙሽሮች ሁሉ ወደ እሷ የዞሩ መሰለኝ፤ ማለቴ፣ አልዞሩም፤ ግን ያ ባዶ ነጭ ፊት የሁሉንም ዓይን ጎተተው።

«ፈጥነን ስም እንስጣት» አለ መነኩሴው። «እንዲህ ሆና መቆየት የለባትም።»

እማማ ቶሜ መንገዱን ሁሉ ስታስብበት ነው የመጣችው። «ኦቦሮ» አለች። «በጉም ውስጥ ያለች ጨረቃ። ሸለቆውን ሁሉ ጠይቄአለሁ፤ በዚህ ስም የተጠራች ሴት የለችም፣ አልነበረችምም።»

«ወደ ሥዕሉ ያስገባሽ ዘፈኑ ነው» አለ መነኩሴው ወደ ሚሳኦ ዞሮ። «አንቺ ነሽ ሙሽራዋን በስምሽ የጠራሻት። ሌላዋን የምትጠሪያትም አንቺ ነሽ።»

ሚሳኦ ሥዕሉ ፊት ተንበረከከች። ማይክ በሌለበት ስትዘፍን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያኔ ነው። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ብርድ የገባበት ክር።

በረዶ ወረደ ደጁን አለበሰው...

እዚያ ላይ ቆመች። ቀጥሎ ስሙ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥ ያለ ቦታ ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን እንደዚያ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥበት ጸጥታ ነው። ከንፈሯ ተከፈተ። ገጠመ። «ሚ...» የሚለው ከአፏ ሲነሳ በዓይኔ አየሁት። ልጮህ ስል መነኩሴው ክንዴን ጨመቀኝ። የሻማዎቹ ነበልባል ሁሉ ያለ ነፋስ ወደ ሥዕሉ ዘንበል አለ። እማማ ቶሜ ፊቷን መሬት ላይ ደፍታ፣ «ያሱኖሪ፣ ልቀቃት፣ ያሱኖሪዬ» እያለች ታንሾካሹካለች።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ረጅም፣ ጉርምርም የሚል፣ እፍረት የሌለው ድምፅ። የሚሳኦ ሆድ ነበር።

ሠዓሊው ብሩሹን ጣለ። እማማ ቶሜ ቀና አለች። ሚሳኦ ራሷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ የሌላ ሰው የሆነ ይመስል ወደ ታች አየችው።

«ርቦኛል» አለች። ተገርማ ነበር። ከዚያ ፊቷ እንደ ሕፃን ተጨማደደና አለቀሰች። «እማማ፣ ርቦኛል። ስንት ቀን ሆነኝ መሰለዎት። እዚያ እሠራለሁ እንጂ አልበላም፤ አንድ ቀን አልቀመስኩም። ትኩስ ነገር እፈልጋለሁ። ቤቴ ገብቼ መተኛት እፈልጋለሁ።» ወደ ሥዕሉ ዞረች። መነጽር ያደረገውን ልጅ ፊት ለፊት አየችው። «ይቅር በለኝ። ደግ ነበርክ። ግን ርቦኛል።»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ዘፈኑን ካቆመችበት አነሳችው።

ኦቦሮን ሊወስዳት ደረሰ ያ ሰው።
እናት አትጣሪ፣ ዞራ አታይሽም፣
ማዶ ያለው ሙሽራ መታገሥ አይችልም።

ነበልባሎቹ ቀጥ አሉ። ሠዓሊው ብሩሹን አነሳ። ለኦቦሮ ረዘም ያለ ፊት ሰጣት፤ ዓይኗን ወደ ታች አደረገው፣ ከንፈሯን በሱፍ ቀይ ነካው። የማንም አልመሰለችም። ሥዕሉን መልሰው ሲሰቅሉት እማማ ቶሜ እሽጓን ፈታች፤ የሩዝ ኬክ ነበር፣ ሁለት። አንዱን ሥዕሉ ሥር አስቀመጠች። ሁለተኛውን ሚሳኦ አፍ ላይ አደረገችው፤ ሚሳኦም እዚያው በሙሽሮቹ ሁሉ ፊት ጉንጯ እስኪነፋ በላችው።

ስንወርድ ሚሳኦ ቀደመች፤ እማማ ቶሜ ክንዷን ይዛ ተከተለች፤ እኔ መጨረሻ ነበርኩ። አዲስ በረዶ መውረድ ጀምሮ ነበር። ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። መነኩሴው ሊሸኘን መስሎኝ ነበር፤ ግን መነኩሴው አዳራሹ ውስጥ ሻማ ሲያጠፋ ትቼው ነው የወረድኩት። እርምጃው ቀላል ነበር፣ የማይቸኩል፣ እኛ ስንቆም የሚቆም። የቤት ጌታ እንግዳውን ሲሸኝ እንደሚያደርገው፣ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ። ሴቶቹም ሰምተውታል፤ የእማማ ቶሜ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የገዳሙ ትልቅ የእንጨት በር ጋ ስንደርስ እርምጃው እዚያው ቀረ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ሚሳኦ በቦታዋ አልቆመችም፤ ከእማማ ቶሜ ጎን ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አትቸኩል» አለችኝ። «ቀስ ብለህ ንዳ። ቆሞ እያየን ነው።»

እማማ ቶሜ መስኮቱን ከፈተች። ብርዱና በረዶው ወደ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ወደ በሩ ጎን ለጎን ሆነው፣ እኛ አገር ያስተናገደን ቤት እስኪሰወር ድረስ እንደሚደረገው፣ አንገታቸውን ደፍተው እጅ ነሱ። እኔም በመጀመሪያ ማርሽ፣ እንደ እግረኛ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ነዳሁ። ከመታጠፊያው በኋላም ለተወሰነ ጊዜ መስኮቱን የሚዘጋ ሰው አልነበረም።